ስለ ሦስተኛው ፎቅ ሰንሰለትና ስለ አዲሱ የአመራር ትምህርታችን

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፣

እርስዎም ወንበርዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የጽሑፍና የንግግር ጥበብ መምህሩ፣ ይቅርታ፣ በአዲሱ መጠሪያችን «የራስን ማበልጸግና የአመራር ክህሎት አሠልጣኙ»፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሰሞኑን ሰው የሚከተለኝ እየመሰለኝ ዞር ዞር ማለት ከማብዛቴ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ትምህርቴን ከማጥፋት ይልቅ ስሙን ብቻ ቀይረው ስላቆዩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስለዚህ ቅሬታ ሳይሆን ጥቂት የአድናቆት ነጥቦችን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በክፍሌ አንድ ደንብ አለ፤ ተማሪ ስለ አንድ ሰው ሥራ ከጻፈ፣ ጽሑፉን ለዚያው ሰው ፊት ለፊት ካላነበበለት ማርክ አይሰጠውም። ደንቡን ያወጣሁት ልጆቹ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የማይደፍሩትን ሰው በወረቀት እንዳይሳደቡ ብዬ ነበር። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪዬ፣ የሴቶች ማደሪያ ሦስተኛ ፎቅ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር በሰንሰለት እንደታሰረ፣ አጠገቡ ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥንም የተቃጠለ ነገር እንደሚሸት ጻፈች። በደንቡ መሠረት ቢሮዎ መጥታ አነበበችልዎ። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ እስከ መጨረሻው መዝለቋን ደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ኮርቼባታለሁ። እርስዎም አጨበጨቡላት። «ልጄ፣ አንቺማ ለመሪነት ነው የተፈጠርሽው» አሏት። በሩን ግን አልከፈቱትም።

2ኛ. ወዲያውኑ «የአመራር አምባሳደር» አድርገው ስለሾሟት ከልብ አመሰግናለሁ። ደረቷ ላይ ባጅ፣ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ወንበር ተሰጣት። አሁን ክፍሌ ውስጥ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ ማን ምን እንደሚጽፍ ትከታተልልዎታለች። ድሮ ደወል ተደውሎም ክርክራቸውን የማያቆሙት ልጆች እሷ ስትገባ ጸጥ ይላሉ። «ትልቁ ድክመቴ» በሚለው እርስዎ ባዘዙት መልመጃ ሁሉም፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይቀር፣ «ሥራ አበዛለሁ» ብለው ጽፈዋል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ድምፅ ሲዋሽ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ።

3ኛ. ያቺው ተማሪ ጽሑፏን «አሻሽላ» እንድታቀርብ መርዳትዎ የሚደነቅ ነው። በአዲሱ ቅጂ ሰንሰለቱ «የተጠናከረ ጥንቃቄ»፣ ሽታው ደግሞ «ጥቃቅን ተግዳሮት» ሆኗል። አረፍተ ነገሮቿ እንከን አይወጣላቸውም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስታነብልዎም ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

4ኛ. ሰሞኑን አመሻሽ ላይ ያ ሳጥን ብልጭታ ሲተፋ፣ ልጆቹ በድንጋጤ መጀመሪያ ወደ ሰንሰለቱ ሮጡ፤ ከዚያ ተመልሰው በዋናው ደረጃ እየተጋፉ ወረዱ። እርስዎም በለጠፉት ማስታወቂያ «ላሳዩት የቡድን መንፈስ» አመሰገኗቸው። ደረጃው በጭስ የተሞላ ቀን የሚያሳዩትን የቡድን መንፈስ እያሰብኩ፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በደንቤ መሠረት ይህንንም ደብዳቤ ፊት ለፊት ላነብልዎ ቀጠሮ ደጋግሜ ጠይቄ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነው የምትነግረኝ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ለማንበብ ተገድጃለሁ። ከዚህ በኋላ ክፍሌን ሌላ ሰው ቢረከበው አይገርመኝም።

የተከበሩ እጆችዎ ከጭብጨባ አርፈው ቁልፍ የሚይዙበትን ቀን በታላቅ ትሕትና እየናፈቅሁ፣

ታዛዥዎ፣
እስከዚህች ደብዳቤ ድረስ የጽሑፍ መምህር የነበርኩት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የሰንሰለቱን ቁልፍ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። የማደሪያው ጥበቃ ቁልፉ እርስዎ ቢሮ ነው አሉኝ። ጸሐፊዎ ደግሞ ጥበቃው ጋ ነው አለችኝ። ሁለቱም የመሰላቸውን ነው የነገሩኝ፤ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። በታሰረው በር ሥር ያለው አልጋ የማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የአምባሳደርዎ ነው።