የምላጩን ሞላ በሰንሰለት ላሰሩት ክቡር ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ዴልማር ስትራውድ
የስሌት ክሪክ ከተማ ምክር ቤት ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የተሰበረው አፍንጫዎ ጥቂት ወደ ግራ ቢያጋድልም እየገጠመ መሆኑን ሰምቼ፣ ለሐኪሙ ትዕግሥት ያለኝን አድናቆት በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ። እኔ በከተማው ጋራዥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመካኒክነት ያገለገልኩት ቬንድላ ሃርዩ ነኝ። በሚከተሉት ጉዳዮች ላመሰግንዎ ብዕር አነሣሁ።

አንደኛ፤ በጥቅምት ወር ለሥራ መኪናችን ከፊቱ የሚገጠም የበረዶ መግፊያ የብረት ምላጭ እንድመርጥ አዘዙኝ። «ቬንድላ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ያልሽው ይሆናል» ማለትዎን አልረሳሁም። ሦስት ዓይነት አይቼ፣ የመኪናውን የፊት ጎማዎች አቅም መዝኜ፣ ቀለል ያለውን መረጥኩ። ይህ ምላጭ በረዶ የሸፈነው ድንጋይ ወይም ብረት ሲመታ ሞላዎቹ ተለጥጠው ወደ ፊት እንዲታጠፍ ስለሚለቁት፣ ግጭቱ ለሾፌሩ አይተርፍም። እርስዎ ግን የእኛን እጥፍ ለሚሆን መኪና የተሠራውን ሰፊና ከባድ ቀይ ምላጭ ገዙ። ምክንያቱን ስጠይቅ «ሲመጣ ሰው መፍራት አለበት» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ሁላችንም ፈራን።

ሁለተኛ፤ ቀዩም ቢሆን ሞላ ነበረው። ነገር ግን በታጠፈ ቁጥር በደጅዎ ላይ የበረዶ ክምር ትቶ ስለሚያልፍ፣ ሞላዎቹን በሰንሰለት ጠፍሬ እንዳስር አዘዙ። እንቢ አልኩ። ምሳ በወጣሁበት ሰዓት ከአማችዎ ጋር መጥተው በገዛ እጅዎ ስላሰሩት፣ ለሥራ ያለዎትን ፍቅር ሳላደንቅ አላልፍም።

በዚህ ከተማ ሃያ ስድስት ክረምት በረዶ የገፋው ሾፌራችን ኡርሆ ፔልቶላ ሰንሰለቱን በቡጢ ነካ አድርጎ «ይሄ ነገር አንድ ቀን ይገድለኛል» አለኝ።

«እንግዲያው አትንዳው።»

«እኔ ካልነዳሁ አምቡላንሱ በየት በኩል ይወጣል? ደግሞ አንቺ ሰው ስትመክሪ ደስ ይልሻል!» ብሎ ሳቀብኝና ወጣ።

ሦስተኛ፤ በጥር፣ ሦስት ቀን ከወረደው በረዶ በኋላ በማለዳ፣ ምላጩ በአሮጌው የባቡር ማቋረጫ የሐዲዱን ብረት ነከሰ። መኪናው ባለበት ቀጥ አለ፤ ኡርሆ ግን አልቆመም። መሪው የጎድን አጥንቶቹን ሰባበረ። የተበጠሰው ሰንሰለትዎ የፊት መስታወቱን ጥሶ ገብቶ ፊቱን ከጆሮው እስከ ከንፈሩ ሰነጠቀው፤ ግራ ዓይኑንም ይዞ ሄደ። ጨው የሚበትነውን መኪና ይዤ ከኋላው ስለነበርኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ነፍሱ ተርፋለች፤ መሪ ግን ዳግም አይጨብጥም። ጥርሶቹን ከጓንቴ ውስጥ የለቀምኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። በረዶው ምን ያህል ቀይ እንደነበር ልነግርዎ አልችልም፤ ቀለሙን የመረጡት እርስዎ ስለሆኑ ግን አይከብድዎትም።

በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ሾፌሩ ከልክ በላይ ፈጥኖ ነበር» ማለትዎም ይታወሳል። የኡርሆ እኅት አይሊ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ከኋላ ወንበር ተነሥታ «እስቲ ድገመው» አለች። ደገሙት። እንዲህ ያለ ድፍረት በዘመናችን ብርቅ ነው። ከዚያ በሻሽ የጠቀለለችውን የሰንሰለት ቁራጭ ይዛ መጥታ አፍንጫዎን አደቀቀችው። በፖሊስ መዝገብ ላይ «ቬንድላ ሃርዩ አጠገባቸው ሆና አላስቆመቻትም» ተብሎ መጻፉ ትክክል አይደለም፤ እባክዎ ይታረምልኝ። መንገዷ ላይ የነበረውን ወንበር አንሥቼላታለሁ።

አራተኛ፤ ባለፈው ሳምንት ያንኑ ምላጭ፣ ሞላዎቹን በአዲስ ሰንሰለት አስሬ፣ እስከ ሰኞ መኪናው ላይ እንድገጥም በፊርማዎ አዘዙኝ። ደብዳቤውን ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ በቀትር የጋራዡን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ግማሹ ከተማ እያየ፣ ምላጩን በጋዝ መቁረጫ አሥራ አንድ ቦታ ከተፍኩት። አንድም ሰው «ተዪ» አላለኝም። አይሊ ብቻ «ጠርዙንም፣ ጠርዙንም!» ትል ነበር። ስቆርጥ ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። እሳቱ በገባ ቁጥር ሌላ ነገር ለመቁረጥ ስለተመኘሁ፣ ፊቴ የነበረው ብረት በመሆኑ ፈጣሪዬን አመስግኛለሁ። እርስዎም ያመስግኑ።

ቁርጥራጮቹን ከምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ደርድሬ፣ የጋራዡን ቁልፍ ከላያቸው አኑሬዋለሁ። ፖሊስ ከፈለገኝ ቤቴ ነኝ።

እርስዎን በማገልገሌ ያተረፍኩትን ሁሉ ከእንግዲህ ለሌላው እየለቀቅሁ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ቬንድላ ሃርዩ
የቀድሞ የከተማው መካኒክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሾፌሩ ቦታ ክፍት ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ፤ እስካሁን ያመለከተ የለም። እርስዎ መንጃ ፈቃድ አለዎት። መኪናውን ጠግኜ ጨርሻለሁ፤ የመቀመጫውን ደም ግን አላጠብኩትም፤ የት እንደሚቀመጡ እንዳይጠፋዎት ብዬ ነው።