«ደጉ ሰው» ያሸነፈው ባና

ጥቅምት 30፣ 2008፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ብሩ ዛሬም አልገባም። ባንክ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ልጅቷ ሒሳቤን አየችና ራሷን ነቀነቀች። አሁንማ ገና ስታየኝ ነው የምትነቀንቀው።

ሦስት ቀን ሰጠሁት። ቅዳሜ ማታ ያሸነፈ እስከ ማክሰኞ ያስገባል፣ ሕጉ ይኼው ነው፣ የስልኩ የጨረታ ግሩፕ አናት ላይ ተለጥፏል። ሰውየው ስሙ «ደጉ ሰው» ነው። ደግነቱ ገደል ይግባ። ያለፈው ሳምንትም እሱ ነው ያሸነፈው፣ ያለፈው ሳምንትም እንዲሁ ጠፋ። ሁለት ባና አንድ ሰው «ገዝቶ» ሁለቱም ሳጥን ላይ ተደርበው ያዩኛል።

ደብተሬ፣ እንግዲህ ለዚህ ነው ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ የወጣሁት። አባባ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ከበግ ጠጉር የአልጋ ልብስ፣ ባና፣ ይሸምናሉ፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቅዳሜ ከገበያ መልስ በስልክ አጫርታለሁ። ከ12 እስከ 2 ሰዓት ሰው ዋጋ ይጥላል፣ ከፍ ያለው ይወስዳል። ብሩ ሲገባ በአውቶቡስ እልካለሁ። ስድስት ወር ሠራ። አሁን ምን ነካው?

ኅዳር 2፣ ሐሙስ

ጻፍኩለት። መጀመሪያ በውስጥ መስመር፣ በጨዋ ደንብ። ምናልባት ባንክ ርቆት ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። አይቶታል፣ ማየቱ ይታያል።

ደሜ ፈላ። ግሩፑ ላይ በአደባባይ ለቀቅሁበት። ዋጋ ሰቅሎ የሚጠፋ ሰው ተብሎ እንደማይጠራ፣ የሽማግሌ ላብ መጫወቻ እንዳልሆነ፣ እናቱ ብታየው እንደምታፍርበት። ምን መለሰ መሰለሽ? የሚስቅ ፊት። ቢጫ፣ አንድ ብቻ።

ከሰዓት፦ ወ/ሮ አስካለ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፣ ለአልጋዎቻቸው ባና ይፈልጋሉ፣ ሁለቱንም ጊዜ 1,400 ላይ ቆመው ደጉ ሰው ከላይ ሄደባቸው። ከእሳቸው በላይ እውነተኛ ገዢ የለኝም። ሁለቱንም በጣሉት ዋጋ ይውሰዱ አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር አሉኝ። ያሸነፋቸው የኔው ሰው ነው አሉ፣ ዋጋ ለማስወደድ ያቆምኩት። ዘጉብኝ።

እኔ? እኔን ነው? ሌባ ተብዬ አላውቅም። ምሳዬንም ሳልበላ ቀረሁ።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ደጉ ሰውን ከግሩፑ አስወጣሁት። ሦስተኛውን ባና ለጠፍኩ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ዳሩ ቀይ፣ አባባ ከሠሩት ሁሉ የሚያምረው።

12፡05፣ የመጀመሪያው ዋጋ መጣ። እንደ ልማዴ አባባ አጠገብ ሆኜ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ ሁለት መቶ። አንዱ ደግሞ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። መወርወሪያው ቆመ። አባባ ወደኔ አላዩም፣ ድሩን ነው ያዩት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ፣ ወጡ። ወደ አያ መንገሻ እንደሆነ አውቃለሁ። አያ መንገሻ የአባባ የልጅነት ወዳጅ ናቸው፣ የበፊት ገበያተኛ፣ አሁን እኔ የለቀቅሁት ሆቴል በር ጠባቂ።

ኔትወርኩ እንደ ወትሮው ሲጠፋ ግቢው ጥግ፣ የድንጋይ ካቡ ላይ ወጣሁ። ወ/ሮ አስካለ የሉም። ደሴ ያለ አንድ ሰው 1,250 አለ። ደስ ሊለኝ ሲል አዲስ ስም ብቅ አለ፣ «ባለ ቃል»። ዋጋውን በቁጥር አይደለም የጻፈው፣ በፊደል፦ ሺህ ከሦስት መቶ። ደጉ ሰውም እንዲሁ ነበር የሚጽፈው። ሰዓቱ አለቀ፣ ባለ ቃል አሸነፈ።

ኅዳር 7፣ ማክሰኞ

ባለ ቃል ቃል የለውም። አልገባም። የደሴው ሰውዬ ሌላ ገዝቻለሁ አለ።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ወንበሬ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይልኛል፣ ከዚያ ለሌላ ይሰጣል። አስብበታለሁ አልኩ። ማሰብ እንኳ አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ያን ፈገግታ መልበስ፣ እንደገና።

ሌላ መዓት ደግሞ፦ ዝናቡ ስለ ጠፋ ሰው በጉን በርካሽ እየሸጠ ነው፣ ብልባላ ገበያ ጠጉር የሚባል የለም። ነጋዴው ያለችውን ትንሽ በጥሬ ብር ካልሆነ አልሰጥም አለ። ሦስት ባና ሳጥን ላይ፣ ኪሴ ባዶ። አባባ የቀረቻቸውን ማግ እየቆጠቡ ይሸምናሉ። ማጉ ካለቀ ጉድጓዱ ይዘጋል፣ እኔም ወደ ወንበሬ። አባባ ሥራ ፈተው ደጅ ሲቀመጡ ይታየኛልና አልወደውም።

ማምሻ አያ መንገሻ መጡ። ብሶቴን ሁሉ አወራሁላቸው። እየሳቁ ሰሙኝ፣ ደስ ብሏቸው። ታዲያ አውጫጭኝ አትጠሪም? አሉኝ። በልጅነታቸው አይተውታል። አገር ምድሩ ከዛፍ ሥር ይሰበሰባል፣ ሌባው ካልወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። በአደባባይ መናገር የፈራ ወፍ ሆኖ ለዳኛው ሹክ ይላል፣ ወፏ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባባ ግን ተይው፣ የድሮ ነገር ነው አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

አልተውም።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ለጠፍኩት። አውጫጭኝ ተቀምጠናል፣ ሰውየው እስኪታወቅ ጨረታ የለም፣ ያወቀ በውስጥ ወፍ ይሁን፣ ሌባው ማንም ይሁን ማን ስሙን እዚሁ አወጣለሁ። ማንም ይሁን ማን። ይቺን ሁለቴ ጻፍኳት።

ሰው ወደደው። አንዱ ከብቶቼ ሳይታለቡ አደሩ አለ፣ ከተሜ ነው፣ ከብት የለውም።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

የወፍ መዓት። አንዷ ወፍ የቀድሞ ባሏ ነው አለች። ሌላው ወፍ የወ/ሮ አስካለ ተንኮል ነው አለ። አንዱ ደግሞ ወፍ ነኝ ብሎ ቁመናዬን አደነቀ። እሱንም አስወጣሁት።

9፡00 ሰዓት፦ ትዕግስት ጻፈች። እኔ በለቀቅሁት ወንበር ላይ ለጊዜው የተቀመጠችው ልጅ ናት። እንዳታወጪኝ ብላ ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ የሆቴሉ ኢንተርኔት በሚደርስበት ደረጃ ሥር አንድ ሰው መነጽሩን አድርጎ ስልክ ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ ጠይቋት አሳየችው፣ አልሆንለት ሲል በፊደል ጻፈው። አያ መንገሻ።

አላምንም። ደግሜ አነበብኩት። አያ መንገሻ? ያን ጊዜ ተቀምጠው እየሳቁብኝ ነበር ማለት ነው?

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ሆቴሉ በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰላምታም አላስቀደምኩም፣ ደጉ ሰው አንቱ ነዎት ወይ አልኩ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?» አሉኝ።

ደብተሬ፣ ሰውየው እኔ ነገሩን የማውቅ መስሏቸው ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት ከአባባ ጋር ገበያ የወጡት በዚህ ሥራ ነው። አባባ ባናውን ዘርግተው ይቆማሉ። አያ መንገሻ እንደ እንግዳ መጥተው ያነሱታል፣ ይዳስሱታል፣ ዋጋ ይሰቅላሉ፣ እውነተኛው ገዢ እንዳይቀደም ፈርቶ ዋጋ ይጨምራል። ገዢው ካልተደፋፈረ ቆይ እመለሳለሁ ብለው ይሄዳሉ፣ አባባ ከኋላ ይሰድቧቸዋል፣ ስድቡም ለገዢው ነው። እንግዲህ በአደባባይ ያወረድኩባቸው ሁሉ ጨዋታ መስሏቸዋል። አባትሽ እንኳ እንዲህ አሳምሮ ሰድቦኝ አያውቅ ብለው አመሰገኑኝ። የሚስቀው ፊት ለዚያ ነበር።

ስልክ ላይ ቆይ እመለሳለሁ ብሎ መሄድ የለም አልኳቸው፣ ያሸነፈ ያሸነፈ ነው፣ እውነተኛው ገዢ ተቀይሞ ይሄዳል። ቀስ ብሎ ገባቸው። ፊታቸው ወደቀ። ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ቤት ስመለስ አባባ ቀድመውኝ ተናገሩ። የላክሁት እኔ ነኝ አሉ። በየቅዳሜው ሁለት መቶ፣ መቶ ሃምሳ እያልኩ ሳነብላቸው አንጀታቸው እያረረ ነበር። ሠርቼ ሠርቼ በሁለት መቶ ስዋረድ ዝም ልበል? አሉኝ። ለኔ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅሁ። እንዳትከለክይኝ፣ አሉ።

አለቀስኩ። ተናድጄ ነው፣ አዝኜም ነው። የሁለቱንም ያህል።

ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

አልናገርም። ለምን እናገራለሁ? ትዕግስት አታወራም። ሌባው ጠፋ ብዬ ጨረታውን ልክፈት፣ ማን ያውቃል።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ወ/ሮ አስካለን ነው የማስበው። ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ እንዴት ተደፈርኩ ብዬ ምሳ የተውኩት።

ከሰዓት፦ አባባ ጠሩኝ። ማንም ይሁን ማን ብለሽ ጽፈሻል አይደል? አሉ። አዎ። እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ተናገሪው፣ አሉኝ። የአያ መንገሻን ስም ሳይቀር።

ካቡ ላይ ወጥቼ ጻፍኩ። ሰውየው የኛው ነው፣ አያ መንገሻ ይባላሉ፣ የላኳቸው አባቴ ናቸው፣ እኔ አላውቅም ነበር፣ ግን የኛው ነው። ወ/ሮ አስካለ እውነት ብለዋል። ይቅርታ። ላክሁት። ኔትወርኩ ሄደ።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ኔትወርክ ሲመጣ ግሩፑ ሳስቷል። የወጣው ወጥቷል። አንዱ አውጫጭኝ ጠርቶ የተገኘ ሌባ አለ፣ ሃያ ሰው ሳቀለት። አንዲት ሴት አባቴም እንዲሁ ያደርጉ ነበር ብላ ጻፈች። ወ/ሮ አስካለ ምንም።

አባባ የመጨረሻዋን ማግ ጨረሱ። ጉድጓዱ ውስጥ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

ኅዳር 15፣ ረቡዕ

ወ/ሮ አስካለ ደወሉ። ከኔ ጋር ነገር የላቸውም፣ ሽማግሌውን አገናኝኝ አሉ። አባባን ካቡ ድረስ ደግፌ ወሰድኳቸው፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው።

ሴትዮዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ለመሆኑ በርስዎ ልብ አንዱ ባና ስንት ያወጣል? አባባ አሰቡ። 1,200፣ አሉ፣ ኮራ ብለው።

ሴትዮዋ 1,400 ካሉ ሳምንታት አልፈዋል። አባባ አያውቁም፣ አያ መንገሻም ሰቀልኩልህ ይሏቸዋል እንጂ ስንት እንደ ደረሰ አልነገሯቸውም። ሁለት መቶዋን ከሰሙ በኋላ ተነስተው ይወጣሉ፣ እኔ ካቡ ላይ እወጣለሁ፣ መጨረሻውን አንድ ቀን አንብቤላቸው አላውቅም፣ የሚገባውንም ብር በጠጉርና በአስቤዛ ለውጬ ነው የማመጣላቸው። ያሸነፈው አልከፈለም እላለሁ እንጂ ሌሎቹ የት እንደ ደረሱ አልነገርኳቸውም። ወ/ሮ አስካለ ሲነግሯቸው አባባ ካቡ ላይ ተቀመጡ።

ኅዳር 16፣ ሐሙስ

ባንክ። ልጅቷ ራሷን አልነቀነቀችም። ከወ/ሮ አስካለ 2,800 ገብቷል፣ ለሁለቱ ባና።

አባባ 400 መልሺ ይላሉ፣ 1,200 ብያለሁ፣ ቃሌ ነው። ወ/ሮ አስካለ አልቀበልም ይላሉ፣ 1,400 ብዬ ተጫርቻለሁ፣ ቃሌ ነው። ገዢ ሲያስወድድ ሻጭ ሲያረክስ ዛሬ አየሁ። ከሁለቱ ግትሮች መሀል ቆሜ ስልክ ስቀባበል ዋልኩ። በመጨረሻ አባባ የአራት መቶውን ትንሽ ምንጣፍ ሠርተው ሊልኩ ተስማሙ። በምን ጠጉር? ነጋዴው ያቺኑ ትንሽ ሸጧታል።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

አያ መንገሻ በጠዋት ሁለት በግ እየነዱ መጡ። አጥንታቸው ይቆጠራል፣ ጠጉራቸው ግን ረጅም። ሦስት ባና አሸንፌያለሁ፣ ብር የለኝም፣ ውሰዱልኝ አሉ። ያላቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አባባ ቀና ብለው አላይ አሉ።

ጠጉሩን እንጂ በጎቹን አንወስድም አልኩ። አውጫጭኙን የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ቅጣቱንም የምቆርጠው እኔ ነኝ። ግቢ ውስጥ ሸለትናቸው። አያ መንገሻ ራሳቸው ያዙ፣ አባባ ሸለቱ፣ ሲጨቃጨቁ ዋሉ፣ እንደ ድሮው። ለምንጣፉ ይበቃል፣ ከቆጠብን ለአንድ ባናም።

ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። ወንበሩን ለትዕግስት ያጽናላት አልኩት።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት

ሦስተኛው ባና፣ ባለ ቀይ ዳሩ። ዛሬ መነሻ ዋጋ አለው፣ 1,200፣ በአባባ አፍ። ከዚያ በታች የሚል አይቆጠርም። አያ መንገሻ አጠገባችን ናቸው፣ ስልካቸው ጠፍቶ ጭኔ ላይ።

አባባን ካቡ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ጋቢ ለብሰው። ዛሬ እስከ መጨረሻው ነው የማነብላቸው።

12፡10፣ ማንም የለም። ሰዉ ሁሉ ወጣ ወይ አሉኝ አባባ። አላውቅም አልኩ፣ እውነቴን ነው።

12፡25፣ አንድ መጣ። የደሴው ሰውዬ። 1,200። አባባ አሁንስ በቃ፣ ስጪው አሉና ሊነሱ ሲሉ ይቀመጡ አልኳቸው።

12፡40፣ ወ/ሮ አስካለ። 1,300። እንዴ፣ ስንት አለች? አሉኝ አባባ፣ ደግሜ አነበብኩ፣ አያ መንገሻም ደገሙላቸው። የደሴው መለሰ። እሳቸውም መለሱ። አባባ ክንዴን ያዙኝ፣ ኧረ በቃ በያቸው፣ ይጎዳሉ ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ገና ነው አባባ፣ ገና አንድ ሰዓት ከምናምን አለ፣ ይቀመጡ እያልኳቸው፣ በአንድ እጄ እየጻፍኩ፣ በአንድ እጄ ጋቢያቸውን ይዤ።