በግራ ሙዚቃ፣ በቀኝ ንባብ

ሜይ 23 ቀን 2008

ውድ ወንድሜ ያሰን፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ጉራ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ እንጂ፣ ዛሬ በራሴ ኮርቻለሁ።

ወደ ጀርመን ስትሄድ ለባህል ቤቱ የተውከው ሊኑክስ ኮምፒውተር አሁንም በጋሼ ስታመን እጅ ነው። ዓይናቸው ባያይም፣ አንባቢው ፕሮግራም የዘፈኖቹን ስም እየነገራቸው በአደባባዩ ለሚደረገው ጭፈራ ሙዚቃ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ችግሩን ታውቀዋለህ፤ ሙዚቃው የድምፅ ካርዱን ከያዘ አንባቢው ዲዳ ይሆናል። ድሮ እኛና ጎረቤት በአንድ የስልክ መስመር ስንጠቀም፣ ወሬ ያበዛ ሰው ግድግዳው ይንኳኳበት አልነበር? ጋሼም እንደዚያው ጠረጴዛውን ኳ ኳ ያደርጋሉ። ከጎናቸው የምቀመጠው እኔ ሙዚቃውን አቆማለሁ፣ እሳቸው ቀጣዩን ይፈልጋሉ። እጅ ለእጅ የተያያዘው ጨፋሪ ግን ጥቂት ቆሞ ይበተናል።

ሰኞ ዕለት የባህል ቤቱ ኃላፊ እትዬ ፔንካ፣ "ቅዳሜ በፊደላችን በዓል እንዲህ ከተቆራረጠ ሥራውን ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ" አሉ።

"ስጪው" አሉ ጋሼ እየሳቁ። "እሱ እንኳ ዓይን አለው፤ ያጣው ጆሮ ነው።"

ሲወጡ ግን በሩን ስተው ግድግዳውን ዳበሱ። ሁልጊዜ የሚወጡበትን በር!

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ግን አንተ ስትሠራ ከኋላህ ቆሜ አይ ነበር። ካርዱን ድምፆችን የሚደባልቅ አንድ ፕሮግራም ብቻ እንዲይዘው፣ ሌሎቹ ድምፃቸውን ለእሱ እንዲሰጡ አደረግሁ። መጀመሪያ ሙዚቃውን ብቻ ወደ ደባላቂው አስገብቼ አንባቢውን ረሳሁት፤ አንባቢው ቀድሞ ካርዱን ያዘና ጭራሽ ሙዚቃው ጠፋ። አለቀስኩ። ኋላ አንባቢውንም አስገባሁት። ሙዚቃው በግራው መስመር ወደ አደባባዩ ድምፅ ማጉያ፣ ንባቡ በቀኙ መስመር በማዳመጫ ወደ ጋሼ ጆሮ።

ዛሬ ልምምድ ላይ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛውን አንኳኩ። አላቆምኩም።

"አንቺ ልጅ፣ ተኛሽ እንዴ?"

"ዝም ብለው ይፈልጉ፣ ጋሼ።"

ቁልፉን ተጫኑ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ያወራል! ውጭ ያሉትስ?"

"እየጨፈሩ ነው።"

እትዬ ፔንካ ሮጠው መጡ። "ያሰን ይባረክ! ጀርመን ሆኖ አስተካከለው!"

አንገቴን ደፋሁ። ጋሼ ቁልፎቹን በጣታቸው ዳሰሱና፣ "ያሰን ዳቦ ቤት ገባ እንዴ? ዱቄት በዱቄት አድርጎታል" አሉ። እትዬ ፔንካ ሳቁ። እኔ ዱቄታም እጄን በሽርጤ ጠረግሁ።

ነገ በበዓሉ እትዬ ፔንካ በአደባባዩ ስምህን ጠርተው ሲያመሰግኑ፣ "ያስተካከልኩት እኔ ነኝ" እላለሁ። ከዚያ ከጨፋሪዎቹ መሀል እገባለሁ። ሙዚቃውን የሚያቆም ሰው ከእንግዲህ አያስፈልግም።

እህትህ ዝላቲና