አሳማው አልሞት ያለ ዕለት

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ እዚያ ጣልያን አገር በደመወዝ የምታስታምሚው ሽማግሌ ዛሬም ሾርባውን ይተፋብሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትሳቂብኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙን ባሌ ቶአደር በገና ጾም መግቢያ ሰብሮብኝ እስከ ትከሻዬ በጀሶ ታስሯል። ከደረጃ ወደቅሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

ይህ ሰው ክፋቱን ከየት እንደሚያመጣው አሥራ ስድስት ዓመት ሳስብ ኖሬ፣ ምሳውን ይዤለት እንጨት መሰንጠቂያው የሄድኩ ዕለት አየሁት። ፎርማኑ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አንተ ደነዝ፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለው ሰጋቱራ ነው» ሲለው ቶአደር ቆቡን አውልቆ አብሮ ሳቀ። አብሮ ሳቀ! ቤት እንደገባ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ክንዴን በር መሐል አድርጎ በሩን ዘጋው።

እኔስ? በማግሥቱ ልጄ ኢሊንካ ወተት ብትደፋ በዚችው በግራ እጄ በጥፊ አጮልኳት። እሷ ደግሞ ወጥታ ውሻውን ስትረግጠው በመስኮት አየሁ። ዝንብ የማትነካ ልጅ ነበረች። ከፎርማኑ አፍ የወጣው የእኛ ውሻ ጎድን ላይ ደረሰ ብዬ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ እንደ ወጉ ለገና የምንበላውን አሳማ አረድን። ቶአደር ከማለዳ ጀምሮ አረቄውን ሲጨልጥ ስለነበር ቢላው ሳተ፤ አሳማው ደሙን እየረጨ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። ጎረቤታችን ፓንቴሊሞን በአጥር ላይ ሆኖ «ቶአደር፣ ተጠንቀቅ፣ እሱ እንዳያርድህ!» እያለ ሳቀበትና ወደ ቤቱ ገባ። የሚያዝንለት ሰው አጠገቡ ከቆመ የአሳማ ነፍስ ቶሎ አትወጣም ይባል የለ? እኛንም እናታችን ከግቢ ታባርረን ነበር። ቶአደር ዞር ቢል ኢሊንካ ታለቅሳለች። «አንቺ ነሽ ነፍሱን የያዝሽብኝ!» ብሎ ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ፊቷን ደሙና ጭቃው ውስጥ አሸው። ልጎትተው ብሞክር በክርኑ ሁለት ጥርሴን አረገፈብኝ። ከዚያ ሊጨርሰው ወደ አሳማው ተመልሶ አጎነበሰ። መጥረቢያው እንጨት የምንፈልጥበት ግንድ ላይ ተሰክቶ ነበር።

አንዴ አይደለም እህቴ፤ ሦስቴ ነው ያረፈበት። ቶአደር እንደ አሳማው ብዙ አልተንፈራገጠም፤ ነፍሱ ቶሎ ወጣች። አጠገቡ የሚያዝንለት አልነበረም።

ለመጣው ፖሊስ «እኔ ነኝ፣ መጥረቢያውን በሁለት እጄ አንስቼ መታሁት» አልኩት። ጀሶዬን አየ። ቀጥሎ ኢሊንካን አየ፤ መዳፏን በጉርዷ ደጋግማ ትጠርግ ነበር። ደብተሩን ገልጦ «በሁለት እጅሽ» እያለ ጻፈ። እግዚአብሔር ልጆቹን ይባርክለት።

ልመናዬ አንድ ነው። ኢሊንካን መጥተሽ ውሰጃት፣ እዚያው ትቅር። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስለዚያ ቀን አትጠይቂያት፤ ልናገር ብትልሽም፣ እናትሽ ያለችው ነው በያት። ብታናድድሽ እጅሽን አታንሺባት። ያ ክፋት ሲተላለፍ ኖሮ እሷ ጋ ደርሷል፤ እሷ ጋ ይቁም።

አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ሽማግሌሽንም ያቆይልሽ። ጀሶውን እዚሁ ወህኒ ቤት ይፈቱልኛል ብለዋል።

ጥርስ የጎደላት ታናሽሽ