ጸጋ እና ፀጋ አንዲት ልጅ ስለመሆናቸው

ለተከበሩ የውጭ ሥራ ጉዞ አጣሪ ክፍል ኃላፊ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዱልኝ የሚገባው ጸጋ እና ፀጋ እኅትማማቾች ሳይሆኑ አንዲት ልጅ፣ ያውም የእኔ ልጅ መሆናቸውን ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ወንበርዎም እንደ እስከ ዛሬው የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ሽባባው አየነው እባላለሁ። ከጎጃም መጥቼ በዚህች ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ በዮርዳኖስ በቤት ሠራተኛነት ለመቀጠር ውል ይዛ የክፍልዎን ፈቃድ ስትጠብቅ አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። አሠሪዋ ከዚህ ወር መጨረሻ በላይ እንደማትጠብቃት አስታውቃለች። ስለዚህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በቀበሌ መታወቂያዋ ስሟ በፀሐዩ «ፀ» ተጽፏል። በስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቷ ላይ ግን በጸሎቱ «ጸ» ነው፤ ትክክሉም ይኸው ስለሆነ በጊዜው ያስተካከልኩት ራሴ ነኝ። ክፍልዎ ልዩነቱን አይቶ ማመልከቻውን በመመለሱ እንደ ቋንቋ መምህር ኮርቻለሁ፤ እኔ በሠላሳ አራት ዓመት ያልተሳካልኝን እርስዎ በአንዲት መስኮት አሳክተዋልና። የመስኮቱ ሠራተኛ ፊልጶስ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አንድ ናቸው ብዬ ብለምነው፣ «ቲቸር፣ በዚህች ፊደል ስንቴ ኤክስ እንዳደረጉብኝ ረሱት እንዴ? ዛሬ ታዲያ እንዴት አንድ ናቸው ልበል?» ሲለኝ ሰልፈኛው ሁሉ ሣቀ።

ሁለተኛ፦ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አምጣ ተብዬ አመጣሁ። ጸሐፊዋ ግን ሁለቱንም በአንድ ፊደል መትታ «ፀጋ እና ፀጋ አንድ ሰው መሆኗን እናረጋግጣለን» የሚል ወረቀት ሰጥታኝ ኖሯል። ይህ ማንም የማይክደው እውነት ቢሆንም አልበቃም። ለበላይ መሥሪያ ቤት ወልቂጤ ሄጄ ባመለክት የቡታጅራ ጉዳይ ነው ተባልኩ፤ ቡታጅራ ስመለስ ወልቂጤ ምን አሉህ ተብዬ ተጠየቅሁ። በዚህ መካከል የጤና ምርመራዋ ጊዜ ሁለቴ አልፎ ሁለቴ ታድሷል። በፓስፖርቷ ላይ ስሟ በላቲን ፊደል ስለተጻፈ ልዩነቱ አይታይም፤ ስለዚህ ለሚቀበላት አገር አንድ፣ ለወለዳት አገር ሁለት ሰው ሆናለች።

ሦስተኛው፣ ለመጻፍ የሚከብደኝ፣ ጎረቤቴ ጀማሉ ነው። ልጁ መሕቡባ ከልጄ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጣ የተማረች ናት። የክፍልዎን ደጃፍ ሳትረግጥ፣ አባቷ እያለቀሰ እየለመናት፣ ደላላ በዘጠኝ ቀን አስወጣት። አምስት ሳምንት ድምፅዋ ሲጠፋ ጀማሉን በየቀኑ እየሄድኩ ያጽናናሁት እኔ ነበርኩ፤ በልቤም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሕጉን ብትጠብቅ ኖሮ እል ነበር። ዛሬ ጅዳ ሆና በየጁምዓው ትደውላለች፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰፈሩን ያሰማል። አሁን አጽናኙ እሱ ሆኗል። «አብሽሩ ጋሼ፣ የእርስዎም ይሳካል ኢንሻአላህ፤ ወረቀት ብቻ እኮ ነው» ይለኛል። በቀበሌ ስብሰባ ስለ ሕጋዊ ጉዞ ስናገር ከፊት ተቀምጦ ያጨበጨበልኝ ሰው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቀንቻለሁ። በአዲሱ ቆርቆሮው አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ። በስልኩም ቀንቻለሁ። ከሁሉ የባሰው ቅናቴ ግን የእሱ ልጅ አባቷን አልሰማ ብላ ሲሳካላት፣ የእኔዋ ስለሰማችኝ ብቻ መቅረቷ ነው።

ስለ ትዕግሥት ለሰጡኝ ትምህርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እኔ ሳስተምር አንዱ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ብቻ ነበር።

ለፊደላችን ክብር በሚያደርጉት ጥበቃ እየተደነቅሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሣ፣

ሽባባው አየነው
ጡረተኛ የአማርኛ መምህር

ማስታወሻ፦ መሕቡባን ያሻገረው ደላላ ትናንት ቤቴ መጥቶ ነበር። የምሳ ሰዓት የለውም፣ ስብሰባም አይገባም፤ በእሱ ዘንድ ደጅ የሚጠናው እሱ ራሱ ነው። ልጄን እስከ ሐሙስ ወስኚ ብሏት ሄደ። እንደ ወትሮዋ እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አባዬ፣ ያንተን መንገድ ሞከርኩልህ እኮ» አለችኝ። እባክዎ፣ ረቡዕ ሳያልፍ መልስ ይስጡኝ።