ልጃቸውን በእጃቸው ያስረከቡት የወይዘሮ ጸሐይነሽ ወልደ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ጻድቅ እንግዳውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ገብረ ሊባኖስ፣ በዋግ ኽምራ ደሃና ወረዳ፣ ጥር 21 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ጡረተኛው መምህር እንዳለው ወልደ ጻድቅ፣ የመጨረሻው ነው። አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና ጽሑፉ በእሱ ላይ ወደቀ። ደስ ብሎት የሚጽፈው አይደለም።

በዘመኑ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት አትላክም ነበርና መደበኛ ትምህርት አላገኙም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው ስማቸውን መጻፍ ችለዋል። ቤት ውስጥ ኽምጣኛ፣ ገበያና ቢሮ አማርኛ ይናገሩ ነበር፤ ሲቆጡ ግን የትም ይሁን የት በኽምጣኛ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ከአቶ የሻምበል ዓለምብርሃን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አምስት ልጆች ወለዱ። ሦስቱን የሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሰደባቸው። ዓይናዲስ ከድርቁ ተረፈች፤ ደሴ ከድርቁ በኋላ በ1979 ዓ.ም. ተወለደ። በ1985 ዓ.ም. ሰቆጣ ከተማ ገብተው ማርና ቅቤ እየሸጡ ቤታቸውን አቀኑ። ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. ካረፉም በኋላ ንግዱን ብቻቸውን ይዘው ቀጠሉ። ማራቸው ስኳር አይነካውም፤ ይህን የጠረጠረ ደንበኛ ቢለምናቸውም ሁለተኛ አይሸጡለትም።

የሚቀጥለው እንዲዘለል የመከሩ ዘመዶች ነበሩ። ሰቆጣ ላይ የማያውቀው የለም፣ ማንን ልንደብቅ ነው? በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. ደሴ የእህቱን የዓይናዲስን ባል ወንዳወቅን፣ ከአባቱ በቀረው መሬት ድንበር ተጣልቶ፣ መንገድ ላይ አድብቶ በጥይት ገደለው። ወንዳወቅ የሦስት ልጆች አባት፣ አማቱን «እናቴ» እያለ የሚጠራ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር። ደሴ ከነመሣሪያው እናቱ ቤት መጣ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ አልደበቁትም፤ ወደ ሰሃላ በረሃ ሽሽም አላሉትም። ውኃ አጠጥተው፣ ክንዱን ይዘው፣ ገበያውን መሐል ለመሐል አቋርጠው ፖሊስ ጣቢያ አስረከቡት። «እጅህን ስጥ፤ ትታሰራለህ፣ ንስሐ ትገባለህ» ብለውት ነበር። እሱም አመናቸው።

በ2010 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደበት። ዓይናዲስ ከችሎት ስትወጣ «ተመስገን» አለች። እናቷ ግን እዚያው ግቢ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ «እኔ ያመጣሁት ይታሰር ብዬ ነው። እንደምትገድሉት ባውቅ መች አመጣው ነበር?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ አንዳቸው የአንዳቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ደሴ ሩቅ ወዳለ ማረሚያ ቤት ሲዛወርም እሳቸው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ቀን በመኪና እየተጓዙ ይጠይቁት ነበር።

አዘጋጁ ከዓይናዲስ ወገን ነበር። አድብቶ የገደለ በሕይወት ከቀረ የሟች ወንድሞች ደም መመለሳቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ሕግ ይጨርሰው ባይ ነበር። እሳቸው ደግሞ፣ «እሱ አድብቶ ገደለ ትላለህ። እነዚህ ቀን ቆርጠው፣ እጁን አስረው ሊገድሉት ነው። አንተ አስተማሪ አይደለህ? እስቲ የትኛው ነው የሚብሰው?» ይሉት ነበር። ሁልጊዜ ይመልስላቸው ነበር፤ አንድም ቀን ግን አላሳመናቸውም።

በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ሰበብ መንገድ ተዘግቶ ስልክ በጠፋበት ጊዜ፣ አንድ ነጋዴ በእግሩ ዞሮ ሲመጣ ከደሴ ጠበቃ የተላከ ወረቀት ለአዘጋጁ ሰጠው። ወረቀቱ የመጨረሻው ይግባኝ ውድቅ መሆኑን ይናገራል፤ ከተጻፈ ዓመት አልፎታል። አዘጋጁ ይግባኙ ካለቀ ሰውየውም አልቋል ብሎ ደመደመ። የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቁት እንደማይፈጸም አላወቀም። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው! ሁለት ሽማግሌዎችንና የእህቱን የነፍስ አባት ቄስ ገብረ አምላክን ይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ ሄዶ አረዳቸው።

ፍትሐት ተደረገ፤ ለቅሶ ተቀመጡ። ዓይናዲስ ከአራት ዓመት በኋላ የእናቷን ደጅ ረግጣ ገባች። ከእናቷ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣ ሦስት ቀን ሙሉ አልተነሣችም። እህል በጠፋበት በዚያ ዓመት፣ ለባሏ ገዳይ የአርባውን ጠላ የጠመቀችውም እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ልጆቿን ይዛ እዚያው ከእናቷ ጋር ቀረች።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ስልክ ሲለቀቅ የአዘጋጁ ስልክ ጮኸ። ደሴ ነበር፤ «እናቴ አለች ወይ?» ሲል ጠየቀ። አሥራ አንድ ወር የተለቀሰለት ሰው እናቱ በሕይወት መኖሯን ሲጠይቅ ምን ይባላል? አዘጋጁ እያፈረ ሄዶ ነገራቸው። እልል አላሉም። «እንግዲህ እንደገና ሊገድሉት ነዋ» አሉ። ፍትሐቱ ይነሣለት እንደሆነ ቄስ ገብረ አምላክን ጠየቁ፤ ቄሱም ጸሎት እንደማይመለስ፣ ቀኑ እስኪደርስ እንደሚጠብቀው ነገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሲያለቅሱ ያየ የለም፤ ሲስቁም ያየ የለም። ማራቸውን ይሸጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ይዘጋሉ። ፍርዱ ነገም ሊጸድቅ፣ ጨርሶም ላይጸድቅ ይችላል ተብለው ነበርና።

ለደሴ ከመንግሥት ይቅርታ ለመጠየቅ ከሟች ቤተሰብ የእርቅ ወረቀት ያስፈልጋል ተባለ። የወንዳወቅ ታላቅ ወንድም ዓለምነህ አልፈርምም አለ፤ አይፈረድበትም። የቀረው የሟች ሚስት የዓይናዲስ ፊርማ ነበር። ወረቀቱ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። እናት አልጠየቁም፤ ልጅም አላነሣችም። አዘጋጁ ለምን እንደማይጠይቋት ቢጠይቃቸው፣ «ባሏን የነጠቃት ከሆዴ የወጣ ነው። በምን አፌ?» አሉት።

ከ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጉበት ሕመም በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆዩ። ያስታመመቻቸው ዓይናዲስ ናት። በመጨረሻው ሳምንት እሷን «ደሴ» እያሉ ይጠሯት ነበር፤ እሷም «አቤት» ትላቸው ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ትናንት አዘጋጁ ይህን ጽሑፍ ለዓይናዲስ ሲያነብላት፣ «አንዲት ሴት ልጅ ትተው» የሚለው ላይ አስቆመችው። «ሁለት በል» አለችው። ዓለምነህና ወንድሞቹ ቀብሩ ላይ እንደሚገኙ፣ የገዳዩን ስም በሰው ፊት እንደሚሰሙ ነገራት። «ይስሙ» አለች። «አንተ ያረዳኸን ጊዜ ደሴ ሞቶልኛል። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። አርባውን አወጣሁ፣ ሰው ተበተነ፣ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ወንዳወቅ የለም። ሁለተኛ ግደሉልኝ አልልም።» ከዚያም ወረቀቱን ከሳጥኑ አውጥታ ፈረመች። እናቷ ይህን አላዩም። ወረቀቱ አሁን በቄስ ገብረ አምላክ እጅ ነው። አዘጋጁ ሐሳቡን ለውጫለሁ አይልም፤ አስተካክል የተባለውን ግን አስተካክሏል።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ወልደ ጻድቅ በሕይወት ያሉ ሁለት ልጆችን፣ ዓይናዲስ የሻምበልንና ደሴ የሻምበልን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል።

የእህታችንን ነፍስ ፈጣሪ ከደጋግ እናቶች ጋር ያሳርፍልን። የወንዳወቅ ወንድሞች፣ ይህ ስም ሲጠራ ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ ስለሰማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን። አሜን።