ቤቷ ያሳደረችሽ ሴትዮ

ኮለምበስ፣ ጁላይ 2022

ልጄ ሐዊ፣ በሄድሽበት ሁሉ ጌታ ይቅደምልሽ፤ እጅሽን ያጽናልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ሞርስ ሮድ ላይ ያገኘውን ሁሉ አስቁሞ የጎልፍ ቪዲዮሽን ያሳያል።

ያን እሁድ ከቸርች መልስ ስፔን ውስጥ ስታሸንፊ በቲቪ አየንሽ። ሮጠሽ የተጠመጠምሽባት ግን የውድድሩን ሳምንት ቤቷ ያሳደረችሽ ሴትዮ ናት። ለጋዜጠኛውም "ሁለተኛዋ እናቴ" አልሽ። ልጅነትሽን ሙሉ እዚህ ጋሃና ጎልፍ ሜዳ ስትለማመጂ በብርድ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የጠበቅኩሽ እኔስ ስንተኛዋ ነኝ? ቀናሁ፤ ምን ልደብቅሽ።

በንዴት፣ እዚህ ውድድር ሲመጣ እኔም ተጫዋች ላሳድር ብዬ ሳይን አፕ አደረግኩ። አሁን አንዲት የታይላንድ ልጅ አልጋሽ ላይ ትተኛለች። ቁርስ አልበላም እያለች ታስጨንቀኛለች። ትናንት ጥሩ ተጫውታ ስትመለስ አቅፋኝ "ማሚ" አለችኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ግን እናቷ ታወሰችኝና "በይ ለእናትሽ ኮል አድርጊ" አልኳት።

ለስፔኗ ሴትዮሽ በርበሬ ልኬላታለሁ፤ የዶሮ ወጡን አሠራር ግን በስልክም ቢሆን እንዳታሳዪያት። ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ። ለመሆኑ እሷ "ለእናትሽ ደውይ" ብላሽ ታውቃለች? ካላለችሽ እኔው ልበልሽ፤ ደውይልኝ።

የመጀመሪያዋ እናትሽ፣
ዓለምነሽ